ማዕዘኑ የት ይሄዳል?

የክራር አንዱን አውታር መሃሉ ላይ በጣታችሁ ያዙና ሳብ አድርጉት። ገና አትልቀቁት። ቅርጹን ተመልከቱ። ከሁለቱ ጫፎች የተነሡ ሁለት ቀጥ ያሉ መስመሮች ጣታችሁ ጋ ይገናኛሉ። የሚገናኙበት ቦታ ሹል ማዕዘን ነው። አሁን ልቀቁት። ያ ማዕዘን የት ይሄዳል?

የልጅ ጥያቄ ይመስላል። ግን የአሥራ ስምንተኛውን ክፍለ ዘመን ታላላቅ የሒሳብ ሰዎች ለዓመታት ያነታረከ ጥያቄ ነው። የተሟላ መልስ ለማግኘት ደግሞ ወደ ሁለት መቶ ዓመት ገደማ ፈጅቷል። ሒሳብ ሳጠና ከሁሉ በላይ ልቤን የወሰደው ይኸው ዘርፍ ነው፤ የሞገድ እኩልታና ዘመዶቹ፣ ዩኒቨርሲቲ ውስጥ ፓርሻል ዲፈረንሻል ኢኩዌሽን የምንላቸው። ብዙ ሰው እነዚህን እኩልታዎች ማጥናት ማለት ቀመር መፈለግ ይመስለዋል። እኔ ዛሬ ማውራት የምፈልገው ከቀመሩ በፊት ስለሚመጣው ጥያቄ ነው። መፍትሔ አለ ወይ? አንድ ብቻ ነው ወይ? ከነጭራሹ አንድን ነገር መፍትሔ የሚያሰኘው ምንድን ነው? ሒሳብን ሒሳብ ያደረገው ይህ ጥንቃቄ ነው ብዬ አምናለሁ። ሥሩም እዚያ አውታር ላይ ያለው ማዕዘን ነው። (ዓመታቱን በአውሮፓ አቆጣጠር ነው የምጽፈው፤ የኛን ስጠቀም ዓ.ም. እጨምርበታለሁ።)

እኩልታው ራሱ የሚለው ነገር ቀላል ነው። አውታሩ ላይ አንዲት ነጥብ ምረጡ። ግራና ቀኝ ያሉት ጎረቤቶቿ ከእሷ ዝቅ ብለው ከሆነ ወደ ታች ይጎትቷታል። ከፍ ብለው ከሆነ ወደ ላይ ይስቧታል። አውታሩ እዚያ ጋ ቀጥ ያለ ከሆነ ደግሞ ሁለቱ ጉተታዎች ይካካሳሉ፤ ነጥቧን የሚገፋት ነገር የለም። ስለዚህ የነጥቧ ፍጥንጥነት እዚያ ቦታ ላይ ካለው ጉብጠት ጋር ተመጣጣኝ ነው። በቃ፣ የሞገድ እኩልታ ይኸው ነው። በሒሳብ ቋንቋ ሲጻፍ፣ በጊዜ የተወሰደው ሁለተኛ ዴሪቫቲቭ በቦታ ከተወሰደው ሁለተኛ ዴሪቫቲቭ ጋር እኩል ነው (ዴሪቫቲቭ ማለት አንድ ነገር ምን ያህል ቶሎ እንደሚለወጥ የሚለካ ነው፤ ሁለተኛው ደግሞ የለውጡን ለውጥ)፤ በመካከላቸው የሚያባዛ አንድ ቁጥር አለ። ያ ቁጥር የሞገዱ ፍጥነት ስኩዌር ነው። ፍጥነቱን ለማግኘት የአውታሩን ውጥረት አንድ ሜትር አውታር ላለው መጠነ ቁስ አካፍላችሁ ስኩዌር ሩት ትወስዳላችሁ። ክራር የሚቃኝ ሰው አውታሩን ሲያጠብቀው ድምፁ የሚቀጥነው ለዚህ ነው። ወፍራሙ አውታር ጎርናና ድምፅ የሚያወጣውም ለዚሁ ነው።

ይህን እኩልታ ለመጀመሪያ ጊዜ ጽፎ የፈታው ፈረንሳዊው ዣን ለ ሮን ዳላምቤር ነው፤ በ1747። ሕፃን ሳለ ፓሪስ ውስጥ ሴን ዣን ለ ሮን የሚባል ቤተ ክርስቲያን ደጃፍ ላይ ተጥሎ የተገኘ ሰው ነው፤ ስሙም ከዚያው የወጣለት ነው። መፍትሔው እስከ ዛሬ ያስደንቀኛል። ማንኛውም የአውታር እንቅስቃሴ የሁለት ቅርጾች ድምር ነው አለ። አንዱ ቅርጹን ሳይለውጥ ወደ ቀኝ ይጓዛል። ሌላው ቅርጹን ሳይለውጥ ወደ ግራ ይጓዛል። ሌላ ምንም ነገር የለም።

ይህን ይዘን ወደ ማዕዘናችን እንመለስ። ቁጥር እንስጠው። አውታሩ ግማሽ ሜትር ይሁን፤ በሰከንድ 200 ጊዜ ይርገብገብ። እንዲህ ከሆነ የሞገዱ ፍጥነት በሰከንድ 200 ሜትር ነው። ስትለቁት ማዕዘኑ ለሁለት ይከፈላል። አንዱ ወደ ግራ፣ አንዱ ወደ ቀኝ ይሮጣል። በሁለቱ መካከል ያለው የአውታሩ ክፍል ጠፍጣፋ ይሆናል፤ ጠፍጣፋው እየሰፋ እየሰፋ ወደ ታች ይወርዳል። ከማዕዘኖቹ ወዲያ፣ ወደ ጫፎቹ ያለው ክፍል ግን ንቅንቅ አላለም። ጣታችሁ ከመልቀቁ በፊት በነበረበት መስመር ላይ ዝም ብሎ ቆሟል። ወሬው ገና አልደረሰውማ! ከ1/800 ሰከንድ በኋላ ሁለቱ ማዕዘኖች ጫፎቹ ጋ ይደርሳሉ። በዚያች ቅጽበት አውታሩ ቀጥ ያለ መስመር ነው። ከዚያ ማዕዘኖቹ ነጥረው ወደ መሃል ይመለሳሉ፤ በ1/400 ሰከንድ አውታሩ ወደ ታች የተገለበጠ ሦስት ማዕዘን ይሆናል። በ1/200 ሰከንድ ደግሞ ልክ ወደ ተነሣበት ቅርጽ ይመለሳል። ዓይናችን ይህን ሁሉ መከተል ስለማይችል የምናየው ብዥ ያለ ነገር ብቻ ነው።

እርግጥ እውነተኛ አውታር ትንሽ ግትርነት አለው፤ አየርም ያግደዋል። ስለዚህ ማዕዘኑ እየቆየ ይዶለዱማል። በመጀመሪያዎቹ ምልልሶች ግን ሥዕሉ በጣም የቀረበ ነው። በደጋን የሚመታ አውታርም የራሱ ማዕዘን አለው። ጀርመናዊው ሄርማን ፎን ሄልምሆልትዝ በ1860ዎቹ የቫዮሊንን አውታር ሲመረምር አንዲት ማዕዘን ከጫፍ እስከ ጫፍ እየተመላለሰች እንደምትዞር አየ። ደጋኑ አውታሩን ይዞ ይጎትታል፤ ማዕዘኗ ስታልፍ ታስለቅቀዋለች፤ ከዚያ ደግሞ ይይዘዋል። መሲንቆ የሚመታ አዝማሪ አጠገብ ስቀመጥ የምፈልገው ይህችን የማትታይ ማዕዘን ነው።

እንግዲህ ጠቡ የተነሣው እዚህ ላይ ነው። እኩልታው በየነጥቡ ጉብጠቱን ይጠይቃል። ማዕዘኑ ላይ ጉብጠቱ ስንት ነው? መልስ የለውም። ሁለተኛው ዴሪቫቲቭ ይቅርና አንደኛውም እዚያ የለም። ዳላምቤር ይህን አይቶ ጠንካራ አቋም ያዘ። ለስላሳ የሆነና በአንድ ቀመር የሚገለጽ መነሻ ካልሆነ እኩልታው አይመለከተውም አለ። ሊዮናርድ ኦይለር በ1748 ተቃወመው። እጅ የሣለው ማንኛውም መስመር መነሻ ሊሆን ይገባል አለ፤ ማዕዘን ያለውም ጭምር። ደግሞስ አውታሩን ቆንጥረን ስንለቀው ድምፅ ይሰጣል እኮ! በ1753 ዳንኤል በርኑሊ ሦስተኛ ሆኖ ገባ። እሱ ነገሩን በጆሮው ነው የያዘው። የአውታር ድምፅ የአንድ መሠረታዊ ድምፅና የቅጥያዎቹ፣ ማለትም ከእሱ ጋር አብረው የሚሰሙ ቀጫጭን ድምፆች፣ ድምር ነው፤ ስለዚህ ማንኛውም ቅርጽ የሳይን ፈንክሽኖች (ለስላሳ፣ እኩል እየተመላለሱ የሚወዛወዙ ሞገዶች) ድምር ነው አለ። ይህን ኦይለርም ዳላምቤርም አልተቀበሉትም። ለስላሳ ነገሮች ተደምረው እንዴት ማዕዘን ይወጣቸዋል? በ1759 ደግሞ የ23 ዓመቱ ላግራንዥ ከቱሪን ሆኖ ተቀላቀለ። በዚያ ዘመን የነበረ ትልቅ ጭንቅላት ሁሉ እዚህ አውታር ላይ ተሰብስቦ ነበር ማለት ይቻላል።

ታሪኩ ሲነገር ብዙ ጊዜ ዳላምቤር ግትር ሆኖ ይቀርባል። ኦይለር ሰፊ አእምሮ ያለው፣ በርኑሊ ነገ የሚመጣውን ያየ። እኔ ግን ለዳላምቤር አደላለሁ። ኦይለር ትክክል እንደሆነ ተፈጥሮ ትመሰክራለች፤ ይህ አያከራክርም። ግን ዳላምቤር የጠየቀው ጥያቄ ከሁሉ የጠለቀው ነበር። ይህ ቅርጽ እኩልታውን ያሟላል ስትሉኝ በምን መንገድ ነው የሚያሟላው? ለዚህ ጥያቄ ኦይለር መልስ አልነበረውም። አውታሩ መጮኹ ብቻውን መልስ አይሆንም። ሒሳብ የራሱ ቃል ላይ መቆም አለበት።

የበርኑሊ ሐሳብ ፍርድ ያገኘው በሙቀት በኩል ነው። ጆሴፍ ፉርዬ በ1807 ስለ ሙቀት ሥርጭት ባቀረበው ጥናት ማንኛውም ፈንክሽን በሳይንና ኮሳይን ድምር ይገለጻል ብሎ ተነሣ። ከገምጋሚዎቹ አንዱ ያው ላግራንዥ ነበር፤ አልተዋጠለትም። መጽሐፉ እስኪወጣ 1822 ሆነ። በ1829 ዲሪክሌ ድምሩ በእርግጥ ወደ ፈንክሽኑ የሚደርስበትን ሁኔታ በማስረጃ አሳየ። ማዕዘንም በእነዚያ ድምሮች ይሠራል፤ ማለቂያ የሌላቸው ብዙ ከሆኑ።

የዳላምቤር ጥያቄ ግን እስከ 1930ዎቹ ጠብቋል። በ1934 ፈረንሳዊው ዣን ለሬ የፈሳሽ እንቅስቃሴን እኩልታ ሲያጠና አዲስ ዓይነት መፍትሔ አስገባ። በ1936 ሩሲያዊው ሰርጌይ ሶቦሌቭ ለሞገድ እኩልታና ለቤተሰቦቹ ተመሳሳይ ነገር አደረገ። በ1940ዎቹ ሎራን ሽዋርትዝ ነገሩን ሁሉ በአንድ ንድፈ ሐሳብ ሰበሰበውና በ1950 የፊልድስ ሜዳልያ ተሸለመ።

ሐሳቡ እንዲህ ነው። እኩልታውን በየነጥቡ አትፈትኑት። በምትኩ በጣም ለስላሳ የሆነ፣ ከአንድ ትንሽ አካባቢ ውጭ ዜሮ የሆነ ፈንክሽን ውሰዱ። እኩልታውን በእሱ አባዙና ኢንተግሬት አድርጉ፤ ማለትም በቦታና በጊዜ ሁሉ ላይ ደምሩት። ከዚያ አንደኛ ዓመት የተማርነውን ኢንተግሬሽን ባይ ፓርትስ ተጠቀሙ። ዴሪቫቲቮቹን ሁሉ ከአውታሩ ላይ አንሡና ለስላሳው ፈንክሽን ላይ ጫኗቸው። እሱ ይችላቸዋል። አውታሩ ማዕዘን ቢኖረውም ችግር የለም፤ ዴሪቫቲቩን የሚጠይቀው የለም። በእንዲህ ዓይነቱ ለስላሳ ፈንክሽን ሁሉ ስትፈትኑት እኩልነቱ ከጸና፣ አውታሩ መፍትሔ ነው። የተቆነጠረው ክራር ይህን ፈተና ያልፋል። ኦይለር ትክክል ነበር፤ ትክክል የሆነበት መንገድ የተገኘው ግን ዳላምቤር እሺ ስላላለ ነው። ይህን ለመጀመሪያ ጊዜ ሳነብ መጽሐፉን አስቀምጬ ግቢ ውስጥ ብዙ ዞሬያለሁ።

በሩን እንዲህ ሰፋ ስናደርገው ግን ሌላ ስጋት ይመጣል። የማንፈልጋቸውም ይገቡ ይሆን? ከአንድ መነሻ ሁለት የተለያዩ መፍትሔዎች ቢወጡስ? ይህን ስጋት የሚያስወግደው ማስረጃ ከማውቃቸው ሁሉ ደስ የሚለኝ ነው። አንድ ቀመር ሳልጽፍ ልንገራችሁ።

የአውታሩ ጉልበት ሁለት ክፍል አለው። አንዱ ከእንቅስቃሴው የሚመጣ ነው፤ የፍጥነቱ ስኩዌር። ሌላው ከመለጠጡ የሚመጣ ነው፤ የስሎፑ፣ ማለትም አውታሩ በየቦታው የሚያዘነብልበት መጠን፣ ስኩዌር። ሁለቱን በአውታሩ ርዝመት ሁሉ ላይ ደምሩ። ጫፎቹ እስከ ታሰሩ ድረስ ይህ ድምር ከጊዜ ጋር አይለወጥም፤ ይህን ከእኩልታው በሁለት መስመር ታወጡታላችሁ። አሁን ሁለት ሰዎች መጥተው ከአንድ መነሻ ተነሥተን ሁለት የተለያዩ መፍትሔዎች አገኘን አሉ እንበል። አንዱን ከሌላው ቀንሱ። ልዩነቱም የእኩልታው መፍትሔ ነው። መነሻቸው አንድ ስለሆነ ግን ልዩነቱ ሲነሣ ዜሮ ነው፤ ፍጥነቱም ዜሮ ነው። ስለዚህ ጉልበቱ ዜሮ ነው። ጉልበት አይለወጥምና ምንጊዜም ዜሮ ነው። የስኩዌሮች ድምር ዜሮ የሚሆነው ደግሞ እያንዳንዱ ዜሮ ሲሆን ብቻ ነው። ልዩነቱ አይንቀሳቀስም። ሁለቱ መፍትሔዎች አንድ ናቸው። አለቀ።

አውታሩ ምን እንደሚመስል ሳናውቅ፣ መፍትሔውን ሳንጽፍ፣ አንድ ብቻ መሆኑን አወቅን። የዘርፉ መንፈስ ይኸው ነው። ዛሬ የሞገድ እኩልታ የሚያጠና ሰው አብዛኛውን ጊዜውን የሚያሳልፈው እንዲህ ያለ የማይለወጥ ወይም ከልክ የማያልፍ መጠን በመፈለግ ነው።

ፈረንሳዊው ዣክ ሀዳማር በ1902 እነዚህን ጥያቄዎች ሦስት አድርጎ አስቀመጣቸው። መፍትሔ ይኑር። አንድ ብቻ ይሁን። መነሻው ትንሽ ሲለወጥ መፍትሔውም ትንሽ ብቻ ይለወጥ። ሦስተኛው እንደ ቀላል ይታለፋል፤ ግን መሣሪያ ይዞ የሚለካ ሰው ሁሉ ሕይወቱ እዚያ ላይ ነው። የምንለካው ነገር ምንጊዜም ትንሽ ስሕተት አለበት። ያቺ ትንሽ ስሕተት መልሱን ሙሉ በሙሉ የምትቀይረው ከሆነ ማስላቱ ዋጋ የለውም። የሙቀት እኩልታን ውሰዱ። የዛሬውን የብረት ዘንግ ሙቀት ካወቃችሁ የነገውን በደንብ ትተነብያላችሁ። ወደ ኋላ ሄዳችሁ የትናንቱን እንፈልግ ካላችሁ ግን ተበላሸ። ሙቀት ማዕዘኖችን ወዲያው አለስልሶ ያጠፋቸዋል፤ የጠፋውን ከቀረው መመለስ አይቻልም። ሞገድ እንዲህ አይደለም። ማዕዘኑን ይዞት ይሄዳል። ጊዜን ብትገለብጡት ያው እኩልታ ነው፤ ወደ ኋላም ወደ ፊትም እኩል ይሠራል። ከሩቅ የመጣ ሞገድ የመነሻውን ነገር ሊነግረን የሚችለው ለዚህ ነው።

በ2017 ዓ.ም. ታኅሣሥና ጥር አዲስ አበባ የነበረ ሰው ይህን በሰውነቱ ያውቀዋል። አዋሽ ፈንታሌ አካባቢ የመሬት መንቀጥቀጡ ሲደጋገም ፎቅ ላይ የምንኖር ሰዎች ሌሊት አልጋችን ሲወዛወዝ ነቅተናል። ጎረቤት ከጎረቤት ደረጃ ላይ ተገናኝቷል። ያ የመጣብን ሞገድ ነው። ጠጣር ነገር የሚከተለው እኩልታ ከአውታሩ ይከብዳል፤ ግን የቅርብ ዘመዱ ነው። ሲሜዮን ፖይሰን በ1830 ገደማ ይህን እኩልታ ሲመረምር በወረቀት ላይ ሁለት ዓይነት ሞገድ ወጣለት። አንዱ በሚሄድበት አቅጣጫ እየጨመቀና እየለጠጠ ይጓዛል። ሌላው መሬቱን ወደ ጎን እያወዛወዘ ይከተላል። እንግሊዛዊው ሪቻርድ ኦልድሃም በመሣሪያ መዝገብ ላይ ሁለቱን ለይቶ ያሳየው በ1900 ገደማ ነው። እኩልታው ሰባ ዓመት ያህል ቀድሟል።

ሒሳቡን እንሥራው። በላይኛው የመሬት ቅርፊት የመጀመሪያው ሞገድ በሰከንድ 6 ኪሎ ሜትር ያህል ይሄዳል፤ ሁለተኛው 3.5 ያህል። መነሻው ከአዲስ አበባ 140 ኪሎ ሜትር ይራቅ እንበል። የመጀመሪያው በ23 ሰከንድ ገደማ ይደርሳል፤ ሁለተኛው በ40። አንዳንድ ሰው መጀመሪያ ትንሽ እንቅጥቅጥ ብሎ ቆይቶ ነው በደንብ የተወዛወዘው ሲል ሰምቼ ነበር። ያ አሥራ ሰባት ሰከንድ ያህል ክፍተት ርቀቱን የያዘ መረጃ ነው። ክፍተቱን ከሦስት ወይም ከዚያ በላይ ጣቢያዎች የሰበሰበ ባለሙያ መነሻውን ካርታ ላይ ያገኘዋል። ጎን ለጎን የሚያወዛውዘው ሞገድ ፈሳሽ ውስጥ አያልፍም። የመሬት ውጫዊ እምብርት ፈሳሽ መሆኑን ያወቅነው፣ ማንም እዚያ ሳይወርድ፣ በዚህ ነው።

እስካሁን የነገርኳችሁ ሁሉ አንድ ትልቅ ምቾት ነበረው። ሁለት መፍትሔዎችን ስንደምር መፍትሔ ይወጣል። ሞገዶች እርስ በርሳቸው ይተላለፋሉ እንጂ አይነካኩም። ተፈጥሮ ግን ሁልጊዜ እንዲህ አታግዝም። ኃይለኛ የድምፅ ሞገድ ላይ የተጨመቀው ክፍል ከሌላው ይፈጥናል። ከፊቱ ያለውን ይደርስበታል፤ ሞገዱ እየተገተረ እየተገተረ ግድግዳ ይሆናል። በርንሃርድ ሪማን ይህን በ1860 አሳየ። ልብ በሉ፣ እዚህ ማዕዘኑን ማንም በጣቱ አልሠራውም። ለስላሳ ሆኖ የተነሣው ነገር ራሱን በራሱ ሰበረ።

መቼ ይሰበራል፣ መቼ ይተርፋል? በዚህ ጥያቄ ላይ ከማውቃቸው ውጤቶች ሁሉ የሚገርመኝ የፍሪትዝ ጆን የ1979 ሥራ ነው። የሞገድ እኩልታ ላይ ሞገዱን ራሱን የሚመግብ ትንሽ ነገር ጨመረበት፤ የሞገዱ ከፍታ በአንድ ፓወር ከፍ ብሎ። እኛ በምንኖርበት ሦስት ዳይሜንሽን ውስጥ ያ ፓወር ከአንድ ሲደመር ስኩዌር ሩት ሁለት ካነሰ፣ ማለትም ከ2.41 ገደማ፣ በትንሽ ቦታ የተወሰነች የቱንም ያህል ደካማ መነሻ ብትወስዱ ውሎ አድሮ ሞገዱ ይፈነዳል። ከዚያ ከበለጠ ግን ትንንሽ መነሻዎች ለዘላለም ይኖራሉ። ሁለት ኃይሎች ይፎካከራሉ፤ መመገቡና መሰራጨቱ። ሞገድ ወደ ሁሉም አቅጣጫ ሲሰራጭ ይሳሳል። ድንበሩ እንዲህ ባለ ቁጥር ላይ ይወድቃል ብሎ ማን ይገምታል?

ቀጥተኛ የሆነ፣ ማለትም መፍትሔዎቹ የሚደመሩለት፣ እኩልታ ቢሆን እንኳ መፍትሔ መኖሩን እንደ ቀላል መያዝ አይቻልም። በ1957 ሃንስ ሌዊ አንድ አጭር፣ ከሞገድ እኩልታ የማይከብድ የሚመስል እኩልታ አቀረበ። ውስጡ ያለው ሁሉ ለስላሳ ነው። ግን መፍትሔ የለውም። የትም ቦታ፣ ለአጭር ርቀት እንኳ።

ይህ ጥያቄ ለፊዚክስም የሞት ሽረት የሆነበት ጊዜ ነበር። አልበርት አይንሽታይን በ1916 ከራሱ የስበት እኩልታ የግራቪቲ ሞገድ፣ ማለትም ሕዋን ራሱን የሚያነቃንቅ ሞገድ፣ አወጣ። በ1936 ደግሞ እሱው ከናታን ሮዘን ጋር ሆኖ እንዲህ ያለ ሞገድ በእርግጥ የለም ወደሚል ድምዳሜ ደርሶ ነበር፤ በኋላ ተወው። እኩልታው በጣም የተወሳሰበ ስለሆነ ደራሲውም መፍትሔው መኖሩን አላረጋገጠም። በ1952 ፈረንሳዊቷ ኢቮን ሾኬ ብሩዋ መንገዱን ከፈተችው። ኮኦርዲኔቶችን፣ ማለትም ቦታንና ጊዜን የምንለካባቸውን ቁጥሮች፣ በደንብ ከመረጥን የአይንሽታይን እኩልታዎች የሞገድ እኩልታዎች ቤተሰብ ይሆናሉ አለችና ቢያንስ ለአጭር ጊዜ መፍትሔ መኖሩን አረጋገጠች። በ1979 የፈረንሳይ ሳይንስ አካዳሚ አባል ሆና የተመረጠች የመጀመሪያዋ ሴት እሷ ናት። ዲሜትሪዮስ ክሪስቶዱሉና ሰርጁ ክላይነርማን በ1993 ከአምስት መቶ ገጽ በላይ በሆነ ማስረጃ ባዶ ሕዋ ትንሽ ቢነካ ሞገዱ ተበትኖ ወደ ጸጥታው እንደሚመለስ አሳዩ። ሴፕቴምበር 14 ቀን 2015 ደግሞ አሜሪካ ውስጥ አራት አራት ኪሎ ሜትር ክንድ ያላቸው ሁለት መሣሪያዎች ሞገዱን ያዙት። ክንዶቹ የተነቃነቁት ከፕሮቶን ስፋት በመቶዎች እጥፍ ባነሰ ርቀት ነው። የመጣው ከ1 ቢሊዮን የብርሃን ዓመት በላይ ተጉዞ ነው፤ ከሁለት ብላክ ሆሎች ግጭት። ተጉዞ ተጉዞም ከምን እንደተነሣ መናገር ችሏል።

አሁን ወደሚያብሰለስለኝ ነገር ልምጣ። በገና።

የበገና አሥር አውታሮች ብርኩማው (አውታሮቹን ደግፎ የሚይዘው እንጨት) ላይ ሲያርፉ በአውታሩና በብርኩማው መካከል ቁራጭ ቆዳ ትገባለች። እንዝራ ትባላለች። ያንን ደረት ውስጥ የሚገባ፣ የሚነዝር የበገና ድምፅ የምታመጣው እሷ ናት። አውታሩ በተርገበገበ ቁጥር ቆዳዋን ይነካና ይለቃታል። በሒሳብ ዓይን ይህ ነጻ አውታር አይደለም። መንገዱ ላይ እንቅፋት ያለበት አውታር ነው። ከእንቅፋቱ በላይ ሲሆን የዳላምቤርን እኩልታ ያከብራል፤ ሲነካው ሌላ ሕግ ይገባል። ሁለት መፍትሔዎችን መደመር እዚህ ላይ ያበቃል። የበርኑሊ ድምፆች ለየብቻቸው አይቀሩም፤ ጉልበት ከወፍራሙ ድምፅ ወደ ቀጫጭኖቹ ቅጥያዎች ይፈስሳል። ጆሯችን የሚሰማው ንዝረት ያ ነው።

ህንዳዊው ሲ. ቪ. ራማን በ1921 በአገሩ መሣሪያዎች፣ በታንፑራና በቪና፣ ላይ ይህን አስተውሏል። ነጻ አውታርን በአንድ ነጥብ ላይ ከቆነጠራችሁት፣ እዚያ ነጥብ ላይ የማይነቃነቁት ቅጥያዎች ድምፁ ውስጥ አይኖሩም። እነዚያ መሣሪያዎች ላይ ግን አሉ። ብርኩማቸው ከአውታሩ ጋር እየተነካካ ይወልዳቸዋል። እንግዲህ የበገናችን ቆዳ የምትሠራው ሥራ ከዚህ ጋር ዘመድ ነው።

የሒሳብ ሰዎች እንቅፋት ያለበትን አውታር በ1970ዎቹ ያዙት። ጣሊያናውያኑ አሜሪዮና ፕሮውዜ በ1975፣ ፈረንሳዊቷ ሚሼል ሻትዝማን በ1980 ጽፈውበታል። የዳላምቤር ጥያቄ እንደገና ይመጣል፤ አሁን በባሰ መልኩ። አውታሩ እንቅፋቱን አያልፍም ብላችሁ ብቻ ከተዋችሁት መፍትሔው አንድ አይሆንም። ሲነካ ይነጥራል? ይለጠፋል? ግማሽ ጉልበቱን ይተዋል? እኩልታው ዝም ይላል። ሻትዝማን ጉልበት አይባክንም የሚል ሕግ ጨምራ፣ ለአንድ ዓይነት የእንቅፋት ቅርጽ፣ መፍትሔ መኖሩንና አንድ ብቻ መሆኑን አረጋገጠች። እዚያ ላይ የሚሠራው ያ ከላይ የነገርኳችሁ የጉልበት ድምር ነው።

ቆዳ ግን ጉልበት ይበላል። ለስላሳ ነው፤ ይጨመቃል፤ ቀስ ብሎ ይመለሳል። በገና ደርዳሪዎች እንዝራዋን ጥቂት ወደ ላይ፣ ጥቂት ወደ ታች እያደረጉ ድምፁን ሲፈልጉ አይቻለሁ። ትንሽ ስትንቀሳቀስ ንዝረቱ ይመጣል፤ ትንሽ ስታልፍ ይጠፋል። ይህ የሀዳማር ሦስተኛ ጥያቄ ነው። መፍትሔው በቆዳዋ ቦታ ላይ የሚመካው እንዴት ነው? ድንበር ላይ የሚሰበር ነገር አለ ወይስ ለውጡ ፈጣን ይሁን እንጂ ተያያዥ ነው? ቆዳዋን ጉልበት የሚበላ እንቅፋት አድርጎ እኩልታውን መጻፍ ይቻላል። የአውታሩን ውጥረትና በሜትር ያለውን መጠነ ቁስ መለካት ቀላል ነው። የአውታሩን ጉዞ በፈጣን ካሜራ መቅረጽ ዛሬ ብዙ ገንዘብ አይጠይቅም። ጥሩ የማስተርስ ሥራ ይወጣዋል፤ ምናልባትም ከዚያ በላይ። ሒሳብ የምታጠኑ፣ በገናም የምትደረድሩ ወይም ደርዳሪ የምታውቁ ካላችሁ ጻፉልኝ። የመጀመሪያውን እኩልታ አብረን እንጽፈዋለን።